«ተቃጠለ ወይ?»፦ ሁለተኛው ክትባት የዘገየባቸው የሦስት ጅማ ነዋሪዎች ጉዳይ

ሰኔ 2013 ነው። ጅማ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። የእድራችን ዳኛ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ወደ መድኃኒት ቤቴ ገቡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አወጡና ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ተቃጠለ ማለት ነው?»

የኮቪድ ክትባት ካርዳቸው ነው። አንደኛውን ዙር ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ወስደዋል። ለሁለተኛው የተጻፈላቸው ቀን ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። በቀጠሯቸው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። «ክትባት የለም፤ ሲመጣ ትጠራላችሁ» ተብለው ተመለሱ። ለምን እንደሌለ፣ ቢዘገይስ ምን እንደሚሆን የነገራቸው ሰው የለም።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው «ተቃጠለ» በምትለው ቃል ምክንያት ነው። ጋሼ ክትባትን አይጠሉም። ወሬ አምነው የሸሹ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ ከተከተቡት ሰዎች መካከል ናቸው። የጠየቁት የዶዝ ጥያቄ ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ግን በዚያ ሰሞን ጠያቂን ሁሉ «ክትባት የማይፈልግ» አድርገን እናይ ነበር። ጊዜ የባከነው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አብረው የተከተቡት ሦስት ናቸው። ጋሼ 68 ዓመታቸው ነው። ሁለተኛው ሀጂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ያሳለፉ፣ ከሄርማታ እስከ አጂፕ የማያውቃቸው የሌለ ሰው። ሦስተኛዋ እትዬ ናቸው። 58 ዓመታቸው ነው። ስኳር ስላለባቸው መድኃኒታቸውን በየወሩ ከእኔ ይወስዳሉ። በዚያን ጊዜ ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ተራው የደረሰው 65 ዓመት የሞላቸውና ከ55 በላይ ሆነው እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ተጠራርተው በአንድ ባጃጅ ሄደው ተከተቡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጉዳዩን ግን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ክትባቱ ወደ አገራችን የገባበት ጊዜ ራሱ የተረጋጋ አልነበረም። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ የካቲት 28 ቀን 2013 ቦሌ ደረሰ። ክትባት ለድሃ አገሮች እንዲዳረስ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል የመጣ ሲሆን የተመረተው ሕንድ ውስጥ፣ ፑኔ ከተማ በሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መከተብ ተጀመረ፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ግን ዴንማርክ ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቁማለች። መጋቢት 6 ደግሞ ጀርመን አቆመች። ምክንያቱ እጅግ አልፎ አልፎ የታየ የደም መርጋት ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 9 ላይ «ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል» አለ። እኛ ሰፈር «አቆሙ» የሚለው ወሬ ሮጦ ደረሰ። «ጀርመን ቀጠለች» የሚለው ግን መንገድ ቀረ።

ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ጥር 30 ቀን ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ክትባት መስጠት ልትጀምር ስትል አቆመች። እዚያ በተሠራ ጥናት አዲሱ የቫይረሱ ዝርያ ቀላልና መካከለኛ ሕመም እንዳያስከትል የመከላከል አቅሙ በጣም አንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ 2,000 ገደማ ሰዎችን ያካተተ ነው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከመካከላቸው በጽኑ የታመመ ስላልነበረ ክትባቱ ከጽኑ ሕመም ያድናል ወይስ አያድንም የሚለውን ሊመልስ አይችልም ነበር። ወደ እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን «አፍሪካ ላይ አይሠራም» ሆኗል።

ሦስቱ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው ነው የተከተቡት። እጃቸውን የዘረጉት እያወቁ ነው። ይህን የምለው በኋላ ሲያመነቱ «ፈሩ» ብለን እንዳናልፋቸው ነው።

ሁለተኛው ዙር ለምን ጠፋ? መልሱ ቀላል ነው፤ ማንም ቢረዳው ይረዳዋል። በመጋቢት አጋማሽ ሕንድ በበሽታው ትናጥ ጀመር። ፋብሪካው የሚያመርተውን ለራሷ ሕዝብ ለማዋል ወደ ውጭ መላኩን ገታች። ኮቫክስ ደግሞ አብዛኛውን የሚጠብቀው ከዚያው ፋብሪካ ነበር። ስለዚህ የአፍሪካ አገሮች አንደኛውን ዙር ከትበው ሁለተኛውን በመጠበቅ ቆሙ። ይህን አንድ አንቀጽ ጤና ጣቢያው በር ላይ የለጠፈ ሰው ቢኖር ኖሮ የዚያ ሰኔ ግማሽ ጭንቀት ይቀል ነበር።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነው። መዋጮ ተሰበሰበ፣ የድንኳኑ ቀዳዳ ጉዳይ ተነሣ፣ አለቀ። ከዚያ ጋሼ ተነሥተው «እስቲ የክትባቱን ነገር ይሄ ልጅ ያስረዳን» አሉ። ማስረዳት የጀመርኩ መስሎኝ ነበር። ብዙውን ሰዓት ያዳመጥኩት ግን እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ናቸው። «አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ አሞክሳሲሊን ስትሰጠኝ ሰዓቱን እንዳታዛንፊ፣ ካዛነፍሽ መድኃኒቱ ይለመድና አይሠራም ያልከኝ? ታዲያ ይሄ በሰዓቱ ካልተሰጠ ምን ሊሠራ ነው?»

ዝም አልኩ። ልክ ናቸው። ይህን ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ። ለእሳቸው፣ ለልጆቻቸው፣ በዚህ ባንኮኒ በኩል ላለፈ ሁሉ።

የእትዬ ልጅ ቀጠለች። «እንደ ሦስት ወሩ መርፌ ነው አይደል? ቀኑ ካለፈ ሥራው ያልቃል።» የእርግዝና መከላከያውን ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ አገር መርፌንና ቀጠሮን አንድ ላይ በደንብ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። እነሱ የሚያውቁት መርፌ ደግሞ ቀኑ ሲያልፍ የሚያልቅ መርፌ ነው።

«ተቃጠለ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው። ከወሬ አልመጣም። ከእኛው ትምህርት ነው የመጣው። የመድኃኒትን ሕግ በደንብ አስተምረናቸዋል፤ እነሱም ክትባት ላይ አዋሉት። ክትባት በሌላ ሕግ እንደሚሄድ ግን ቀድመን አልነገርናቸውም።

ልዩነቱ ይህ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ሥራውን የሚሠራው መድኃኒቱ ራሱ ሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ክትባት ግን ራሱ ቶሎ ይጠፋል። የሚቀረው ሰውነት የተማረው ነው። ሁለተኛው መርፌ ያንን ትምህርት ያጠናክረዋል። ሰውነት የመጀመሪያውን ተምሮ ሳይጨርስ ሁለተኛው ቢመጣ ጥቅሙ ያንሳል። ጊዜ ሲሰጠው ይበረታል።

ይህን ስናገር ፊታቸው አልተፈታም። የፈታው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሽማግሌ እናት ከወደ ኋላ «እንደ መንጋጋ ቆልፉ ነዋ!» አሉ። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠውን የቲታነስ ክትባት ማለታቸው ነው። እንዴት እኔ እንዳላሰብኩት! ሁለተኛው ከአንደኛው ቢያንስ በአራት ሳምንት ነው። ሦስተኛው ቢያንስ በስድስት ወር። አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ በየዓመቱ። ርቀቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው። አንዷ እናት ቀኗን ብታሳልፍ «ከመጀመሪያ ጀምሪ» አትባልም፤ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እዚያ ከተቀመጡት እናቶች ብዙዎቹ ይህን ካርድ ቤታቸው አስቀምጠዋል። መልሱ ከነሱ ቤት ነው የወጣው።

ሀጂ በበኩላቸው በሥራቸው ተረዱት። «ጀንፈል ሳይደርቅ ወደ መቀሸሪያ ከወሰድከው ፍሬውን ታበላሸዋለህ። እንዲህ ነው በለኛ።» እንዲያ ነው አልኳቸው።

ቀጥሎ የውጤታማነቱ ነገር መጣ። ይህ ክፍል ረጅም ነበር፤ እኔም በዝርዝር ልጽፈው እፈልጋለሁ። ምክንያቱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን «70 ከመቶ» እየተባለ ሲነገር ሰው ምን እየሰማ እንደነበር ያየሁት እዚያ ነው።

አንዱ የባጃጅ ሹፌር ጠየቀ። «70 ከመቶ ከሆነ፣ ከመቶ ሰው 30ው ይታመማል ማለት አይደል? ታዲያ ለ30 ሰው ምን ጥቅም አለው?» ብዙዎቹ እንደዚያው ነው የተረዱት። ጋሼ ራሳቸው፣ የሒሳብ መምህሩ፣ እንደዚያ ነው የተረዱት።

የእትዬ ልጅ ለመቁላት ያዘጋጀችው ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ ነበር። ተቀብያት መቁጠር ጀመርኩ። በእንግሊዝና በብራዚል ከተደረገው ሙከራ ኅዳር 2013 መጨረሻ ላይ የታተመው ውጤት እንዲህ ነው። በሁለት ወገን የተከፈሉ፣ እያንዳንዳቸው 5,800 ገደማ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። አንዱ ወገን የኮቪዱን ክትባት ወሰደ። ሌላው ለማነጻጸሪያ ሌላ መርፌ ተሰጠው፤ እንግሊዝ ውስጥ የማጅራት ገትር ክትባት ነበር። ከዚያ በኋላ የታመመው ተቆጠረ። ክትባቱን ካልወሰዱት 101 ሰው ታመመ። ከወሰዱት 30።

101 ፍሬ በአንድ በኩል ደረደርኩ። 30 በሌላ በኩል። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ።

ጋሼ እስክርቢቶ አወጡ። 30ን ለ101 አካፈሉ። ቀና አሉና «ገባኝ» አሉ። «ከሚታመመው ሰው ከመቶ 70ው ቀረ ማለት እንጂ፣ ከተከተበው ከመቶ 30ው ይታመማል ማለት አይደለም።» ልክ ነው። ከ5,800 ሰው የታመመው 30 ነው። ሹፌሩ ሁለቱን ክምር ደጋግሞ እያየ «ይሄን ለምን እንዲህ አይነግሩንም?» አለ።

ከዚያ ሌላ አሥር ፍሬ ለብቻ አስቀመጥኩ። በዚያው ሙከራ ከመጀመሪያው መርፌ ሦስት ሳምንት በኋላ በኮቪድ ሆስፒታል የገቡት አሥር ሰዎች ናቸው። አሥሩም ክትባቱን ካልወሰደው ወገን ነበሩ። ከወሰዱት አንድም አልነበረም። ይህን ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ሰፈራችን በዚያ ዓመት ድንኳኑን ብዙ ጊዜ ተክሏል። የሰው ጭንቀት ጉንፋን መያዝ አልነበረም፤ ኦክስጅን ፍለጋ መንከራተት ነበር። ስለ ውጤታማነት ስንናገር መጀመር የነበረብን ከእነዚያ አሥር ፍሬዎች ነበር።

የዶዙ ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በሙከራው ወቅት በአለካክ ልዩነት የተነሣ ጥቂት ተሳታፊዎች መጀመሪያ ግማሽ ዶዝ ወሰዱ። የነሱ ውጤት 90 ከመቶ ሆነ። ሁለት ሙሉ ዶዝ የወሰዱት ግን 62 ከመቶ። ሰው ግራ ተጋባ። ግማሹ ከሙሉው ይበልጣል እንዴ? ተመራማሪዎቹ ሲመረምሩት ግማሽ ዶዝ የወሰዱት ሰዎች በሁለቱ መርፌዎች መካከል ረጅም ጊዜ ቆይተው ነበር። በየካቲት 2013 በወጣው ትንታኔ ነገሩ ይበልጥ ጠራ። ሁለቱን ከስድስት ሳምንት ባነሰ ርቀት የወሰዱት 55 ከመቶ ተከላከለላቸው። 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆዩት 81 ከመቶ። አንድ ዶዝ ብቻውን እንኳ ከ22ኛው እስከ 90ኛው ቀን 76 ከመቶ አሳይቷል።

ለጋሼ ካርድ መልሱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን የመጀመሪያው በር ነው እንጂ የመዝጊያው በር አልነበረም።

ሀጂ ግን ገና አልጨረሱም። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጃቸው ከስልኩ አንብቦ የጻፈላቸው ነው። ግንቦት 5፣ ልክ በኢድ ቀን፣ ሕንድ የዚህን ክትባት ርቀት ከ12 እስከ 16 ሳምንት አራዘመች። በማግስቱ እንግሊዝ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑት ከ12 ወደ 8 ሳምንት አሳጠረች። «አንድ ክትባት ነው። አንዱ አርዝሙ ይላል፣ አንዱ አሳጥሩ ይላል። የዋሸው የትኛው ነው?»

በሕይወቴ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ እንዲህ የተሳለ አላስታውስም። ማንም አልዋሸም። እንግሊዝ በቂ ክትባት ነበራት። በዚያ ሰዓት ዴልታ የሚባለው ዝርያ እየገባባት ነበር። ለዴልታ አንድ ዶዝ አይበቃም፤ ምልክት ያለውን ሕመም ለመከላከል አንዱ 30 ከመቶ ገደማ፣ ሁለቱ 67 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሽማግሌዎቿን ቶሎ ማጠናቀቅ ፈለገች። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ክትባቱ ለሕዝቡ አልበቃም። ርቀቱ ሲረዝም ብዙ ሰው አንደኛውን ያገኛል። መንግሥቱ የእንግሊዝን መረጃ ጠቀሰ፤ «እጥረቱን ልትሸፍኑ ነው» ብለው የተከራከሩም ነበሩ።

ሀጂ ጥቂት አሰቡና «እኛም እጥረት ነው በሉና» አሉ።

አዎ፣ እጥረት ነው። እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ሁለት ነገሮች አንድ ላይ እውነት ነበሩ። ክትባቱ ዘግይቷል፤ የዘገየው ስለሌለ ነው። መዘግየቱ ደግሞ የመጀመሪያውን አላቃጠለውም። ጤና ጣቢያው ሁለቱንም አልተናገረም። እጥረት ብለን ብንናገር ሰው ይረበሻል ብለን እንሰጋለን። ሰው ግን ባዶ መደርደሪያ ማየት ያውቃል። ዘይት ሲጠፋ ያውቃል፣ ስኳር ሲጠፋ ያውቃል። የሚረብሸው ያልተነገረው ነው፤ ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል።

እኔም ብሆን እንግሊዝ ሰኔ 7 ያወጣችውን ቁጥር በዚያ እሑድ ባነብላቸው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ዴልታ ላይም ቢሆን አንድ ዶዝ አስትራዜኔካ ሆስፒታል ከመግባት 71 ከመቶ ይከላከል ነበር። ሁለቱ 92።

ከስብሰባው በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ።

ጋሼ መስከረም 2014 ላይ ተጠርተው ሁለተኛውን ወሰዱ። ከአንደኛው ከ20 ሳምንት በላይ ሆኖት ነበር። ከዚያ በፊት፣ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ፣ ክትባቱን የሠሩት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እስከ 45 ሳምንት ድረስ የቆዩ ሰዎች ላይ እንኳ ሁለተኛው ዶዝ ጠንካራ ምላሽ እንደሰጠ አሳውቀዋል። ለጋሼ ነግሬያቸው ስለነበር ተረጋግተው ነው የሄዱት።

እትዬ ነሐሴ ላይ ታመሙ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጣዕም መጥፋት። ምርመራው ኮሮና አለ። ስኳራቸው ከፍ አለ፤ ሳምንት ሙሉ ተኝተው ሰነበቱ። ሆስፒታል ግን አልገቡም። እሳቸው «ያ መርፌ ምንም አልሠራልኝም» ይላሉ። እኔ በአንድ ዶዝ የተረፉ ይመስለኛል። ነገር ግን በአንድ ሰው ሕመም ማረጋገጥ አይቻልም፤ የሳቸውም የኔም ግምት ነው። ያንን ሰፌድ ላይ ያለ ቡና ያሳየኋቸውም ለዚሁ ነበር። ልከራከራቸው አልፈለግሁም። ሁለተኛውን እስከ ዛሬ አልወሰዱም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ያለ ምንም ማንገራገር የወሰዱት እሳቸው ነበሩ። ካርዱን ሲቀበሉ «ሁለተኛው ሊዘገይ ይችላል፤ ቢዘገይ አይቃጠልም፤ በመሃል ከታመሙም ቀለል እንዲልልዎ ነው» የሚል ሰው ቢያገኙ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም በዚያ ሰሞን ባንኮኒዬ ላይ አላልኳትም።

ሀጂ ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። ለወራት አልተናገሩትም። የነገሩኝ ኅዳር 2014 ላይ፣ ዕድሜው 12 ለሞላው ሁሉ የክትባት ዘመቻ ሲጀመር ነው። ሚያዝያ ላይ ሲከተቡ ነርሷ «አሥር ሰው እስኪሞላ ጠብቁ» ብላቸው ነበር። ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ሲቀዳ አዩ። «እንዳይጎድል አቅጥነውት እንደሆነስ?» ብለው በልባቸው ያዙት። ነጋዴ ናቸው፤ ሚዛን ያውቃሉ።

እንዲህ አልኳቸው። አንዷ ብልቃጥ አምስት ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ግማሽ ሚሊ ነው። አምስቱ ሲካፈል አሥር ሰው ይሆናል። የሚጨመርበት ውሃ የለም። አሥር ሰው እስኪሞላ የሚጠበቀው ብልቃጧ አንዴ ከተከፈተች በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ስላለባት ነው፤ ካለዚያ ትደፋለች። መርፌውም ግማሽ ሚሊ ላይ ሲደርስ የሚቆምና ሁለተኛ የማያገለግል ነው።

አብሬያቸው ሄድኩ። ወረፋው ረጅም አልነበረም። ተራቸው ሲደርስ ነርሷን «ልጄ፣ ከመውጋትሽ በፊት አሳዪኝ» አሏት። አልተቆጣችም። ከብልቃጧ ቀድታ መርፌውን በመስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችላቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ መስመሯን ፈልገው አገኟት።

«ግማሽ ነው» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።